ጥርስ ነቅሎ እብደት ማከም፦ የአንድ ግማሽ እውነት ታሪክ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የላካችሁልኝ ቪዲዮ አለ። ሰውየው «ሥሩ ታክሞ የተደፈነ ጥርስ አፋችሁ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አስነቅሉት፤ የልብ ሕመሙም፣ ካንሰሩም፣ የመገጣጠሚያ በሽታውም የሚመጣው ከእሱ ነው፤ ሐኪሞች ግን ይደብቋችኋል» ይላል። «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» አላችሁኝ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ይኼ አባባል አዲስ አይደለም። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ትልልቅ ፕሮፌሰሮች ያስተማሩት፣ በታወቁ ሆስፒታሎች የተሠራበት፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ጥርስና ቶንሲል ያስከፈለ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥሩ ቦታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ፓስተር በፈረንሳይ፣ ኮክ በጀርመን ብዙ በሽታዎች የሚመጡት በዓይን ከማይታዩ ተሕዋስያን መሆኑን አሳዩ። ሕክምና ዓይኑ በራ ማለት ይቻላል። በርሊን ውስጥ ይሠራ የነበረ ዊሎቢ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ደግሞ ይኼን አዲስ እውቀት ወደ አፍ አመጣው። የሰው አፍ የባክቴሪያ መኖሪያ መሆኑን አጠና፤ በ1890 መጽሐፍ አሳተመ፤ በዓመቱም አፍ ለሌላው የሰውነት ክፍል የበሽታ መነሻ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። እስቲ አስቡት፤ አፍ ውስጥ ይኼ ሁሉ ባክቴሪያ ካለና ደም በሁሉም ቦታ የሚዞር ከሆነ፣ ከጥርስ ሥር የተቋጠረ መግል ጉልበት ላይ ወይም ኩላሊት ላይ ጉዳት ቢያመጣ ምን ይገርማል?

ቀጥሎ የመጣው የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም ሀንተር ነው። በ1910 ካናዳ ሄዶ፣ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ንግግር አደረገ። የጥርስ ሐኪሞችን ክፉኛ ወቀሰ። ሥሩ የበሰበሰውን ጥርስ በወርቅ ሸፍነው ያስውቡታል፤ ከሥሩ ግን መግሉ ሰውየውን ቀስ በቀስ እየመረዘው ነው አለ። ደም ማነስን፣ የጨጓራ ሕመምን፣ የነርቭ ሕመምን ከአፍ ቁስለት ጋር አያያዘ። ንግግሩ ታትሞ ወጣ፤ ከአትላንቲክ ወዲህና ወዲያ መነጋገሪያ ሆነ።

በአሜሪካ ሐሳቡን የተቀበለው ተራ ሰው አልነበረም። የቺካጎው ፍራንክ ቢሊንግስ በዘመኑ ከነበሩት የተከበሩ የሕክምና አስተማሪዎች አንዱ ነው። በ1912 ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያና የኩላሊት ሕመም ከጥርስና ከቶንሲል ቁስለት ሊመጣ ይችላል ብሎ ጻፈ፤ በ1916 ደግሞ ሐሳቡን በመጽሐፍ አወጣው። ስሙም ፎካል ኢንፌክሽን ሆነ። «ፎከስ» የላቲን ቃል ነው፤ ምድጃ ማለት ነው። እሳቱ ያለው ምድጃው ላይ ነው፤ ፍንጣሪው ግን ተወርውሮ ሌላ ቤት ያቃጥላል እንደማለት። የቢሊንግስ ተማሪ ኤድዋርድ ሮዝናው ደግሞ በታዋቂው ሜዮ ክሊኒክ ሆኖ አንድ እርምጃ ሄደ። ከሕመምተኛ ጥርስና ቶንሲል የወሰደውን ባክቴሪያ እንስሳት ላይ ሲወጋ፣ ባክቴሪያው ሰውየው የታመመበትን ያንኑ የሰውነት ክፍል እየመረጠ ያጠቃል አለ። የጉልበት ሕመምተኛ ባክቴሪያ የጥንቸሏን ጉልበት፣ የጨጓራ ሕመምተኛው ደግሞ የጥንቸሏን ጨጓራ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር ገና የለም። ቁርጥማት ይዞት አልጋ ላይ የቀረን ሰው፣ ኩላሊቱ እየደከመ ያለን ወጣት ሐኪሙ ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው ብዙም የለውም። በዚህ ላይ ራጅ ተፈልስፎ የጥርስን ሥር ማየት ተችሏል። ራጁ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ ትታያለች። ያቺ ነጥብ ለሐኪሙም ለሕመምተኛውም መልስ ሆነች። «ምንጩ ተገኘ፤ ይነቀል!»

ተነቀለ። ጤነኛ የሚመስለው ጥርስ ሳይቀር «ለጥንቃቄ» ተብሎ ተነቀለ። ቶንሲልማ የልጅነት ወግ እስኪመስል ድረስ ይወጣ ነበር። ምን ያህል እንደተገፋበት የሚያሳይ በ1934 የወጣ አንድ የኒው ዮርክ ጥናት አለ፤ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግረው ነው። 1000 የ11 ዓመት ልጆች ተወሰዱ። 611ዱ ቶንሲላቸው ቀድሞውኑ ወጥቷል። የቀሩት 389 ለትምህርት ቤት ሐኪሞች ቀረቡ፤ ሐኪሞቹ 174ቱ ቶንሲላቸው ይውጣ አሉ። «አያስፈልጋቸውም» የተባሉት 215 ልጆች ደግሞ ወደ ሌሎች ሐኪሞች ተላኩ። እነዚህኞቹ ከመሃላቸው 99ኙ ይውጣላቸው አሉ። የቀሩት 116 ለሦስተኛ ጊዜ ለሌሎች ሐኪሞች ቀረቡ፤ 51 ተመረጡ። ከ1000 ልጅ ማንም «ይውጣ» ያላለው 65 ብቻ ቀረ።

ቁጥሩን ልብ ብላችሁ እዩት። በየዙሩ ከቀረቡት ልጆች ግማሽ የሚጠጉት ይመረጣሉ። አንዱ ሐኪም ጤነኛ ነው ያለውን ሌላው ታማሚ ይለዋል። እያንዳንዱ ሐኪም ከሚያያቸው ልጆች ገሚሱ ቶንሲሉ መውጣት አለበት ብሎ ተዘጋጅቶ ነው የሚቀመጠው። የልጁ ጉሮሮ ብዙም ለውጥ አላመጣም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት፣ ትሬንተን በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የሆነው ነው። ሄንሪ ኮተን በ1907 የሆስፒታሉ ኃላፊ ሲሆን ገና በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ጀርመን ድረስ ሄዶ ክሬፕሊንና አልዛይመር ዘንድ የተማረ ሰው ነው። ሥራ እንደጀመረ ያደረገው ነገር ደግሞ የሚያስመሰግን ነበር፤ ሕሙማን የሚታሰሩበትን ሰንሰለትና ማሰሪያ አስወገደ። በ1913 ሌላ ትልቅ ግኝት መጣ። ኖጉቺና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ ዓይነት የእብደት በሽታ በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ የቂጥኝን ተሕዋስ አገኙ። ስለዚህ እብደት ከጀርም ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ይኼ እውነት ነበር።

ኮተን ከዚያች እውነት ተነስቶ ዘለለ። አንዱ እብደት ከጀርም ከመጣ ሁሉም ከጀርም ነው አለ። ጀርሙ የት ነው ያለው? ጥርስ ውስጥ። ከ1910ሮቹ አጋማሽ በኋላ የሕሙማኑን ጥርስ ማስነቀል ጀመረ። ጥርሱ ተነቅሎ ያልተሻለው ቶንሲሉ ወጣ። ካልተሻለው ሳይነሱ፣ ከዚያ ጨጓራው፣ ጣፊያው፣ የማኅፀን በሩ፣ በመጨረሻም ትልቁ አንጀቱ። ብዙዎቹ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም፤ እየታገሉ ቀዶ ጥገና ክፍል የተወሰዱም ነበሩ። በአንጀት ቀዶ ጥገናው ከሦስት ሕሙማን አንዱ ገደማ ይሞት እንደነበር ኮተን ራሱ ያወጣው ቁጥር ይናገራል። እሱ ግን 85 በመቶ ሕሙማኔን እፈውሳለሁ ይል ነበር። በ1921 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጋብዞት ንግግር አድርጓል። ቤተሰቦች ከሩቅ ሕሙማናቸውን ያመጡለት ጀመር።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኼ ነው። አእምሮው የታወከ ሰው፣ በዚያ ላይ ጥርስ የሌለው፣ የሚበላውን ማኘክ የማይችል፣ አንጀቱ የተቆረጠ።

ኮተን አጭበርባሪ ነበር ብላችሁ እንዳትገላገሉት። የራሱንም፣ የሚስቱንም፣ የሁለት ወንድ ልጆቹንም ጥርስ አስነቅሏል። አምኖበት ነው። ታሪክ ውስጥ ከአጭበርባሪ ይልቅ የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

እንዴት ተጋለጠ? ማንም ያላደረገውን ቀላል ነገር ያደረጉ ሰዎች ስለመጡ። ኮፐሎፍና ቼኒ የተባሉ የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች የአእምሮ ሕሙማንን በሁለት ከፈሉ፤ የአንደኛውን ቡድን ጥርስና ቶንሲል አወጡ፣ ሌላኛውን ተዉት፣ ከዚያ አነጻጸሩ። ውጤታቸውን በ1922 ማውጣት ጀመሩ። ልዩነት የለም። በ1924 ደግሞ ፊሊስ ግሪንኤከር የምትባል ወጣት ሐኪም የትሬንተንን መዝገብ እንድትመረምር ተላከች። ሕሙማኑን አንድ በአንድ ተከታትላ ያገኘችው ነገር የተገላቢጦሽ ነበር፤ ብዙ ሕክምና የተደረገላቸው ብዙ ሞቱ፣ የዳኑት ደግሞ በአብዛኛው ጥቂት የተነካኩት ናቸው። የላካት አዶልፍ ማየር የኮተን የቀድሞ መምህርና ደጋፊ ነበር፤ በአገሩ ትልቁ የአእምሮ ሐኪም ነው። ሪፖርቱን አየ፣ አስቀመጠው፣ አልታተመም። ኮተን በ1933 እስኪሞት ድረስ ስሙ እንደተከበረ ቆየ። እንደ ታሪክ መምህር ከዚህ ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ክፍል ነው። ቁጥሩ ተገኝቶ ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ነው የቀረው።

አሁን ወደ ቪዲዮው ሰውዬ እንምጣ። ዌስተን ፕራይስ የክሊቭላንድ የጥርስ ሐኪም ነበር። ከሕመምተኞች የነቀለውን፣ ሥሩ የታከመ ጥርስ በጥንቸል ቆዳ ሥር ይቀብራል፤ ጥንቸሏ ትታመማለች። በ1923 በሁለት ትልልቅ ጥራዞች አሳተመው። ነገር ግን በባክቴሪያ ከተሞላ አፍ ነቅለህ ያወጣኸውን ጥርስ ጥንቸል ቆዳ ሥር ከቀበርክ፣ ጥንቸሏ ብትታመም ምን ይደንቃል? ሮዝናውም ቢሆን ይወጋ የነበረው ከመጠን ያለፈ ባክቴሪያ ነው፤ ሌሎች ደግመው ሲሞክሩት ያው ውጤት አልመጣላቸውም። ዛሬ በየስልካችን የሚዞረው «የታከመ ጥርስ ካንሰር ያመጣል» የሚለው ወሬ የፕራይስ ጥንቸሎች የልጅ ልጅ ነው።

በ1930 ኬይዘር የተባለ የሮቼስተር ሐኪም ቶንሲላቸው የወጣ 2200 ልጆችን ካልወጣላቸው 2200 ልጆች ጋር አነጻጽሮ አሳተመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የታየው ጥቅም 10 ዓመት ላይ ሲደርስ ብዙው ጠፍቷል። በ1938 ራስል ሴሲል ከባልደረባው አንጀቫይን ጋር 200 የመገጣጠሚያ ሕሙማንን መርምሮ ጥርስና ቶንሲል ማውጣቱ እንዳልጠቀማቸው ጻፈ። ሴሲል እኮ ቀድሞ የሐሳቡ ደጋፊ ነበር! በ1940 ራይማንና ሄቨንስ ጠቅላላ ማስረጃውን በትነው ሲገመግሙት ብዙው አየር ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ተገኘ። ዘመኑም አለፈ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። «ጥርስና ልብ ምን አገናኘው» ብለን እንዘጋው ነበር። አያልቅም። ምክንያቱም ሐሳቡ ግማሹ እውነት ነው፤ እውነቱ ደግሞ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

በ1935 ኦኬልና ኤሊየት የተባሉ እንግሊዛውያን ጥርስ የተነቀለላቸውን 138 ሰዎች ደም ወዲያው ወስደው መረመሩ። በ61 በመቶው ውስጥ የአፍ ባክቴሪያ ተገኘ። ለጤነኛ ሰው ይኼ ችግር አይደለም፤ ሰውነት ብዙም ሳይቆይ ያጠራዋል። የልቡ ቫልቭ ቀድሞ የተጎዳ ሰው ግን ባክቴሪያው እዚያ ላይ ሰፍሮ ሊገድለው ይችላል። ዛሬም ቫልቩ የተቀየረለትን ሰው ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ የሚያስወስዱት ለዚህ ነው።

ትልቁ ግን የጉሮሮው ነው። በ1931 ኮበርን በኒው ዮርክ፣ ኮሊስ በለንደን፣ የሩማቲክ ትኩሳት የሚመጣው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ካቆሰለ ከሳምንታት በኋላ መሆኑን ለየብቻቸው አሳዩ። ልጁ ጉሮሮውን ያመዋል፣ ይሻለዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያተኩሰዋል፤ ጉልበቱ ያብጣል፤ ያ ሲሻለው ክርኑን ይይዘዋል። መገጣጠሚያውም ይድናል። ልቡ ግን ላይድን ይችላል። ባክቴሪያው ወደ ልብ አይሄድም፤ እነሮዝናው ያሰቡት ፍንጣሪ እዚህ የለም። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሳው የራሱ የሰውነት መከላከያ፣ የባክቴሪያው አካል ከልብ ሥጋ ጋር ስለሚመሳሰልበት፣ ጠላት መስሎት የገዛ ልቡን ይመታል። ጎረቤት ሌባ ያባርራል ብላችሁ የጠራችሁት ዘበኛ የቤቱን ልጅ እንደመታው ቁጠሩት።

ይኼስ በምን ተረጋገጠ? በዚያው በቀላሉ ዘዴ። በዋዮሚንግ፣ ዋረን የአየር ኃይል ሰፈር ውስጥ በእነራሜልካምፕ ቡድን የጉሮሮ ቁስለት የያዛቸው ወታደሮች ለሁለት ተከፈሉ። ፔኒሲሊን ከተሰጣቸው 798 ሰዎች የሩማቲክ ትኩሳት የያዛቸው 2 ናቸው። ካልተሰጣቸው 804 ውስጥ 17። ውጤቱ በ1950 ታተመ። ጥርስ ሳይነቀል፣ አንጀት ሳይቆረጥ፣ በርካሽ መርፌ የልብን በሽታ ከጉሮሮ ላይ ማስቆም ተቻለ። በሀብታሞቹ አገሮች በሽታው ዛሬ እየተረሳ ነው፤ ኑሮና መኖሪያ ቤት መሻሻሉም ትልቅ ድርሻ አለው።

እኛ ዘንድ አልተረሳም። ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ሆኖ መኖር፣ የተጨናነቀ ክፍል፣ «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ተብሎ የሚታለፍ ጉሮሮ ባለበት ሁሉ በሽታው አለ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ዶክተር በላይ አበጋዝና ባልደረቦቻቸው ያቋቋሙት የሕፃናት ልብ ማዕከል ደጅ ላይ ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል እንዲህ የተጎዱ ልጆች አሉ። ብዙ ሴቶች ቫልቫቸው መጎዳቱን የሚያውቁት ሲያረግዙና ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው። መነሻው የልጅነት ጉሮሮ ነበር።

በእኛም በኩል የቆየ የማስወገድ ልማድ አለን። እንጥሉ ወርዶ ያንቀዋል ተብሎ የሕፃኑ እንጥል ይቆረጣል። ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣበት የወተት ጥርሱ ነው ተብሎ ድዱ ተሰንጥቆ ገና ያልበቀለው ጥርስ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሰዎች በዚህ ይሳለቃሉ፤ «የመሃይም ሥራ» ይላሉ። እኔ ግን ለእናቶቻችን ፍትሕ ልጠይቅ። ልጁ ታሟል፣ ሐኪም የለም፣ አፉ ውስጥ የሚታይ ነገር አለ፣ እሱን ማውጣት ይቻላል። ይኼ የፕሮፌሰር ቢሊንግስ አስተሳሰብ ነው፤ የዶክተር ኮተንም ነው። ልዩነቱ ትሬንተን ራጅና ማደንዘዣ ነበረው። ጉዳቱ ግን አንድ ነው፦ ደም መፍሰስ፣ ማመርቀዝ፣ ሞት። ዋናው በሽታ ደግሞ እዚያው እንዳለ ይቀራል።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኼ ነው። ሥሩ በደንብ የታከመና የማያማችሁን ጥርስ በቪዲዮ ምክንያት አታስነቅሉ። ያበጠና መግል የያዘ ጥርስ ግን አታሳድሩ፤ ያ እውነተኛ አደጋ ነው። የድድ በሽታና የስኳር በሽታ አንዱ ሌላውን እንደሚያባብስ ዛሬ በጥናት ታውቋል። የድድ በሽታና የልብ በሽታ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2012 ማስረጃውን ገምግሞ ግን አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት አይበቃም ብሏል። አብሮ መገኘትና ማምጣት ይለያያሉ። ድዳችሁን ለድዳችሁ ስትሉ ተንከባከቡት።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይቺን ያዙልኝ። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ሳል ወይም ንፍጥ ሳይኖረው ጉሮሮውን በድንገት ካመመው፣ ካተኮሰው፣ አንገቱ ሥር ካበጠ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣና መድኃኒት የማይፈልግ ነው፤ ስለዚህ ከፋርማሲ በግምት አትግዙ፣ ባለሙያ ይየው። መድኃኒት ከታዘዘ ግን እስከመጨረሻው ይውሰድ፤ በሦስተኛው ቀን ተሻለው ብላችሁ አታቋርጡ። በየወሩ መርፌ ተወጋ የተባለ ልጅ ደግሞ ደህና መስሎ ቢታይም አይቅርበት። ያ መርፌ ልቡ ላይ የቆመ አጥር ነው።

ከእንግዲህ ደግሞ «የሁሉም በሽታህ ምንጭ ይኼ ነው፣ አውጣው» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ፣ ካባ ለባሽ ፕሮፌሰርም ይሁን የቲክቶክ ሐኪም፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ካልወጣላቸው ሰዎች ጋር አነጻጽራችሁት ታውቃላችሁ?» ትሬንተን ውስጥ ይኼን ጥያቄ የጠየቀችው ግሪንኤከር ነበረች። መልሱንም አግኝታው ነበር።

ልጆች ላሏቸው ወዳጆቻችሁ አጋሩት። መልካም ሰንበት።